አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ፦ መጠገን፣ በአምሳያው መተካት ወይስ በዘመናዊ መቀየር?

ከመሥሪያ ቤት የተወገደ፣ ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ የመጣ ወይም ከቆራሌው የተገዛ አሮጌ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ «አዲስ ፓወር ሰፕላይ ግዛለት» የሚል ነው። ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን መብራት ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምባቸው ዝቅተኛ ቮልቶች የሚለውጠው ክፍል ነው። ምክሩ ለዛሬ ኮምፒውተር ትክክል ነው። በ1980ዎቹ ለተሠራ ማሽን ግን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብቻውን አይበቃም፤ የዘመናዊው ፓወር ሰፕላይ ማገናኛ አይገጥምም፣ ማሽኑ ከሚፈልጋቸው ቮልቶች አንዱን ጨርሶ ላይሰጥ ይችላል፣ የሚበራበትም መንገድ የተለየ ነው። የድሮውን ጠግኖ ማቆየትም ሁልጊዜ የሚመከር አይደለም፤ ሲበላሽ ማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ቦርድ) አብሮ የሚያቃጥል ዓይነት አለና።

ድካሙ የሚያዋጣበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ የኮምፒውተር ኮድ በሚሰጠው ደንብ) ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የኮድ አሰጣጥ ያስቀምጡት ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ፣ መዝገብ ወይም የመጽሐፍ ረቂቅ ብዙ ጊዜ በትክክል የሚከፈተው በተጻፈበት ፕሮግራም፣ አንዳንዴም በተጻፈበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሊኖር ይችላልና ማሽኑን ማስነሣት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መታየት የለበትም።

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሳነጻጽር የምመዝናቸው ምን ተቃጠለ በሚለው ሳይሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ የሚመግበው ምን ዓይነት ማሽን ነው፣ ሲበላሽስ ማሽኑን ምን ያደርገዋል በሚሉት ጥያቄዎች ነው። በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል፤ ይኸውም ከሶኬቱ የሚመጣው መብራት ምን ይመስላል የሚለው ነው።

በእርግጥ የተበላሸው ፓወር ሰፕላዩ ነው?

«ሞቷል» ተብለው ከሚጣሉት ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ጤነኛ የሆኑ ብዙ ናቸው። የዚያ ዘመን ፓወር ሰፕላዮች በመውጫቸው ላይ ሾርት (የመስመሮች በቀጥታ መገናኘት) ሲያገኙ ራሳቸውን ለመከላከል አንነሣም ይላሉ፤ ሾርቱ ግን የሚገኘው ማዘርቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። 5150 እና 5160 በተባሉት የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ማዘርቦርዶች፣ እንዲሁም በእነሱ አምሳያ በተሠሩት ላይ፣ በ12 ቮልት መስመር የተበየዱት የጠብታ ቅርጽ ያላቸው ታንታለም ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) በዕድሜ ብዛት ሾርት መሆናቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ፒ 8 እና ፒ 9 የሚባሉትን ሁለት ማገናኛዎች፣ የዲስኮቹንም ገመድ ይንቀሉና ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ይሞክሩት።

ያለ ሎድ (ኃይል የሚጎትት ነገር ሳይገናኝበት) ግን አይሞክሩት፤ አብዛኞቹ ምንም ሳይጎትታቸው አይነሡም፣ ቢነሡም የሚያሳዩት ቮልት አይታመንም። በ5 ቮልቱ ላይ 4.7 ኦም የሆነ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ቢያገናኙ ወደ 1 አምፔር ይጎትታል፤ በ12 ቮልቱ ላይ ደግሞ ከሶማሌ ተራ የሚገኝ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና የኋላ መብራት አምፖል በደንብ ያገለግላል። ሬዚስተሩ ስለሚግል በባዶ እጅ አይንኩት። በዚህ ሁኔታ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ ከተገኘ ፓወር ሰፕላዩን ትተው ማዘርቦርዱን ይመርምሩ።

ሁለተኛው መለካት ያለበት ነገር ሶኬቱ ነው። በከተማው ዳርቻ ብዙ ቤቶች በአንድ ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ምሽት ላይ ምጣድና ምድጃ ሁሉ ሲበራ 220 ቮልት መሆን የሚገባው በጣም ሊወርድ ይችላል። ከ180 ቮልት በታች ሲሆን በርካታ የድሮ ፓወር ሰፕላዮች ሥራቸውን ያቆማሉ። ቀን እየሠራ ማታ የሚያስቸግር ማሽን ካለዎት፣ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያድርጉት።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው የኬሱ ንዝረት ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ መስመሮች ወደ ኬሱ የተዘረጉ ዋይ የሚባሉ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው የኤሌክትሪክ ብክለትን ወደ መሬት መስደድ ነው። የቤቱ የመሬት ሽቦ ካልተገናኘ ወይም ሶኬቱ መሬት የሌለው ከሆነ፣ እነዚህ ካፓሲተሮች ኬሱን ከመስመሩ ግማሽ ወደሚሆን፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ገደማ ያነሡታል። የሚያልፈው ከረንት ትንሽ በመሆኑ የሚሰማው ንዝረት ብቻ ነው፤ የፓወር ሰፕላይ ብልሽትም አይደለም። መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ መሬቱን ማስተካከል ነው። ካፓሲተሮቹን ቆርጦ ማውጣት ወይም ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት በባለ ሁለት እግር መለወጥ ግን ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም።

በመጨረሻም ከኋላ ያለውን ቀይ መቀያየሪያ ይመልከቱ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን መቀያየሪያው 115 ላይ ሆኖ ከእኛ 220 ጋር ከተገናኘ ውጤቱ ፍንዳታ ነው፤ ምክንያቱም በ115 አቀማመጥ መግቢያው ቮልቱን በእጥፍ የሚያሳድግ ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዳቸው 200 ቮልት እንዲችሉ የተሠሩት ሁለቱ ትላልቅ ካፓሲተሮች በዚህ ጊዜ እያንዳንዳቸው ወደ 310 ቮልት ይደርሳቸዋል። ይህ ደርሶ ከሆነ ካፓሲተሮቹና አጠገባቸው ያሉት የቮልት መከላከያዎች መለወጥ ይኖርባቸዋል፤ የቀረው ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የራሱን ፓወር ሰፕላይ መጠገን

በኬሱ ውስጥ የሚገጠም፣ በብሎን የሚከፈት የብረት ሣጥን ላለው ማሽን የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃዎቹ በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚነቀሉ ናቸው። በአይቢኤም አምሳያ በተሠሩት ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ መቆጣጠሪያው ቲኤል 494 የሚባለው ቺፕ ነው፤ ዋና ትራንዚስተሮቹም ብዙ ጊዜ የ13007 ጥንዶች ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬም የሚመረቱ ስለሆኑ ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነቅሎ መውሰድም፣ አዲስ መግዛትም ይቻላል።

ሊታለፍ የማይገባው ግን ይህ ነው። 220 ቮልት ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን ዕቃ) አልፎ ሲከማች ወደ 310 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ይህም ገመዱ ከተነቀለ በኋላ በትላልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በልብ ላይ አደጋ የሚያደርስ መጠን ነው። በዚህ ቮልት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሣጥኑን አይክፈት፤ ልምድ ላለው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ቢሰጠው ይሻላል፤ የቴሌቪዥን ሰው ይህን ክፍል ጠንቅቆ ያውቀዋል። የሚከፍት ሰው ደግሞ ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ፤ በቴስተር ይለካ፤ ቮልት ካገኘ 10 ኪሎ ኦም ገደማ በሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር፣ እግሮቹን በናስትሮ ሸፍኖና በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይዞ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያራግፈው፤ ከዚያም እንደገና ይለካ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ በየጥገና ቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ብልጭታው ዓይንን ይጎዳል፣ ካፓሲተሩንም ያበላሻል።

ምርመራው ከዓይን ይጀምራል። በመግቢያው አካባቢ ቢጫ ወይም ቡናማ ብርጭቆ መሰል ቆዳ ያለው፣ ላዩ በቀጭን መስመሮች የተሰነጣጠቀ አራት ማዕዘን ካፓሲተር ካገኙ ምናልባት ሪፋ የሚባለው ነው። ውስጡ ወረቀት ስለሆነ በስንጥቁ እርጥበት ይስባል፤ አንድ ቀን ክፍሉን በጢስና በመጥፎ ሽታ ይሞላዋል። ጢሱ ባለቤቱን ያስደነግጣል እንጂ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ካፓሲተር ይቆማል። ሳይፈነዳ በፊት ይለውጡት። የሚተካው ግን ኤክስ 2 የሚል ምልክት ያለው፣ 275 ቮልት ተለዋዋጭ ወይም ከዚያ በላይ የሚችልና መጠኑ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ መሆን አለበት። ተራ ካፓሲተር በዚህ ቦታ ማስገባት እሳት ይጋብዛል።

ቀጥሎ ፊውዙ አለ። ፊውዙ ተቆርጦ መስተዋቱ ግልጽ ከሆነ ምናልባት የመስመር መዋዠቅ ነው፤ መስተዋቱ ከጠቆረ ግን ከባድ ሾርት ነበር ማለት ነው፤ ሬክቲፋየሩንና ሁለቱን ትራንዚስተሮች ሳይለኩ አዲስ ፊውዝ ማስገባት ትርፉ ሌላ ፊውዝ ማቃጠል ነው። በፊውዝ ቦታ የሽቦ ክር ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የተገኘበት ፓወር ሰፕላይ ሁሉ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት አይታወቅምና ሙሉ ምርመራ ይፈልጋል።

ፊውዙ ደህና ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ «ጢክ ጢክ» እያለ ለመነሣት የሚታገል ከሆነ፣ ወይም በአምስተኛው ሙከራ ብቻ የሚነሣ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በካፓሲተሮቹ ላይ ይውደቅ። ካፓሲተር የሚሠራው በጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ ነው፤ በየተራ የሚመጣውን ያጠራቅማል፣ ወደ ታች ግን ሳይቋረጥ ያወርዳል። በዕድሜ ሲደርቅ መያዣው ይጠብባል፣ ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል፤ ስለዚህ ቴስተሩ ልክ 5 ቮልት እያሳየ ኮምፒውተሩ ግን ያለ ምክንያት ሊቆምና ሊሳሳት ይችላል። በመቆጣጠሪያው ቺፕ አጠገብ ያሉት ትናንሾቹ ከሁሉ ቀድመው ይደርቃሉ፤ ሰዎች ግን ትልልቆቹን ብቻ ለውጠው ይተዋሉ። በዝቅተኛ ቮልት ክፍል ያሉትን በሙሉ፣ እስከ 105 ዲግሪ በሚችሉና ውስጣዊ ተቃውሟቸው ዝቅተኛ በሆኑ መለወጥ የተሻለ ነው። ከመርካቶ የሚገዛ ካፓሲተር አዲስ ቢመስልም ታጥቦና ላስቲኩ ተቀይሮ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መሣሪያው ያለው ጠጋኝ ዘንድ ሳይለካ አይበየድ።

ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ በቀጥታ ከሶኬት ጋር አይሁን። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለ ክር አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፣ አምፖሉም ትራንዚስተሮቹን አድኖልዎታል። ኃይል ቆጣቢ አምፖል ለዚህ አያገለግልም።

አንድ የአካባቢያችን ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ዝም እንዲል ተብሎ ቀርፋፋ ማራገቢያ መግጠም በቆላ ከተማ ሲያስኬድ እዚህ ላያስኬድ ይችላል። የድሮውን ይቀቡት ወይም በዚያው ፍጥነት በሚሠራ ይለውጡት።

ተመሳሳይ ያገለገለ መግዛት

በምናለሽ ተራና በመርካቶ ውራጅ ኤሌክትሮኒክስ በሚሸጥባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ፓወር ሰፕላይ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ዋጋውም በክብደት የሚገዛ ብረት ዋጋ ሊሆን ይችላል። ግን የተገዛውም ከተበላሸው ጋር እኩያ ነው፤ ካፓሲተሮቹ እኩል ደርቀዋል። እንደ መለዋወጫ ምንጭ ይግዙት፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሣጥኑና ገመዶቹ ዋጋ አላቸው። ገዝቶ በቀጥታ መሰካት ግን ካልተጠገነው የራስዎ የተሻለ አይደለም። የእርስዎ ዋና ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ደግሞ ይህ ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ትራንስፎርመሩ ለዚያ ሞዴል ብቻ ተጠምጥሞ የተሠራ ስለሆነ በገበያ አይገኝም።

በዘመናዊ ኤቲኤክስ መተካት

ኢንቴል በ1995 ያወጣውን ኤቲኤክስ የተባለ ደንብ የሚከተል ፓወር ሰፕላይ ዛሬም በየሱቁ አለ። ከአሮጌው ጋር ለማገናኘት መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል፤ አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁር ጋር በማሽኑ ማብሪያ በኩል ሲገናኝ ፓወር ሰፕላዩ ይነሣል፤ ግራጫው ሽቦ ደግሞ «ኃይሉ ተስተካክሏል» የሚለውን ምልክት ወደ ፒ 8 የመጀመሪያ እግር ይወስዳል። ፒ 8 እና ፒ 9 ሲሰኩ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው፤ ከተገለበጡ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። በአንዳንድ ኬሶች ፊት ለፊት ያለው ማብሪያ 220 ቮልት ያልፍበት እንደነበር አስታውሰው የድሮዎቹን ሽቦዎች ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ።

በኃይል መጠን ችግር የለበትም። በ1981 የወጣው 5150 የነበረው 63.5 ዋት ብቻ ነው፤ 5160 የተባለው 130 ዋት፣ በ1984 የወጣው 5170 ደግሞ 192 ዋት ነበራቸው። ችግሩ ስርጭቱ ላይ ነው። የድሮ ማሽን አብዛኛውን ኃይል ከ5 ቮልት ይጎትታል፤ የዘመኑ ፓወር ሰፕላይ ዋና ጉልበት ያለው ግን በ12 ቮልት ላይ ነው። ርካሾቹ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ስለሚቆጣጠሩ 5 ቮልቱ ሲጎተት 12 ቮልቱ ከልክ ያልፋል፤ ሁለቱን ለየብቻ የሚቆጣጠሩት ጥሩዎቹ ግን ይህ የለባቸውም። በገበያችን ላይ 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ቀላል ሣጥን ሲያገኙ በእጅዎ ይመዝኑት፤ የመግቢያ ማጣሪያ ጥቅልሉና የሙቀት ማስወገጃው የተቀነሰበት ስለሚሆን ክብደቱ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ግን የ−5 (ኔጌቲቭ 5) ቮልት መስመር ጉዳይ አለ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከኤቲኤክስ ደንብ ወጥቷል። ለአብዛኞቹ ማሽኖች ቢጎድል ጉዳት የለውም፤ ጥቂት የድሮ የድምፅ ካርዶች ይፈልጉታል። የመጀመሪያው 5150 ማዘርቦርድ ግን 4116 የሚባሉ ሚሞሪዎች ስላሉበት ያለ −5 ቮልት ቢበራ ሚሞሪዎቹ ይቃጠላሉ። ለእሱ ከ−12 ቮልቱ ላይ 7905 የሚባለውን ሬጉሌተር (ቮልት አስተካካይ) ከነሙቀት ማስወገጃው መጨመር ግዴታ ነው። ይህን ለማይሠራ ሰው ኤቲኤክስን በዚያ ማሽን ላይ አልመክርም።

ዓላማዎ ማሽኑን ማቆየት ሳይሆን ከሃርድ ዲስኩ ጽሑፎቹን ማውጣት ብቻ ከሆነ ግን ምርጫዬ ይገለበጣል። አሮጌውን ለመጠገን ሳምንታት ከማጥፋት፣ ጥሩ ኤቲኤክስ ከመቀየሪያ ገመድ ጋር ተውሰው ወይም ገዝተው ማሽኑን አንድ ጊዜ አስነሥተው ፋይሎቹን ይገልብጡ። የድሮ ሃርድ ዲስክ መዞር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ ብዙ አምፔር በአንዴ ስለሚስብ፣ በተጠራጠሩት ፓወር ሰፕላይ ደጋግሞ ማስነሣት ዲስኩን ራሱን ያሰጋዋል።

ከኤቲኤክስ ሌላ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ቦርዶችም አሉ፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይማርካሉ። ሰፊ የመግቢያ ቮልት የሚቀበለውን ዓይነት ብቻ ይምረጡ፤ እየተሞላ ያለ ባትሪ ከ14 ቮልት ያልፋልና ተራው ዓይነት ያንን ሳያስተካክል ወደ ዲስኩ ሊያሳልፈው ይችላል። 220 ቮልት የሚገባባቸው ባለ ሣጥን ሞጁሎችን የሚመርጥ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ የሚል ምልክት እንደሌለባቸው ያረጋግጥ።

ከኬሱ ውጭ ያሉት ጡብ መሰል ፓወር ሰፕላዮች

በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የዚህ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ አይጠገንም፣ ይተካል። በውስጡ ያለው የ5 ቮልት ሬጉሌተር ሲበላሽ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይለቅቃል፤ ኮምፒውተሩም ሚሞሪዎቹን ያጣል። ብዙዎቹ በሙጫ ስለተሞሉ ሙቀት አይወጣላቸውም፤ ለመክፈትም አይመቹም። ቀዝቅዞ ሲለካ 5 ቮልት ማሳየቱ ዋስትና አይደለም፤ ሲሞቅ የሚያደርገው ሌላ ነው። የሚተካው 5 ቮልት ቀጥተኛ ብቻ ሳይሆን 9 ቮልት ተለዋዋጭም መስጠት አለበት፤ የማሽኑ ሰዓትና ሌሎች ክፍሎች ከዚያ ይሠራሉ።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር በኩል መሰካቱ ብቻ አይበቃም። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ደግሞ በ50 ላይ ይበልጥ ይግላል። በኬሱ ውስጥ ያሉት ፓወር ሰፕላዮች ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጡት ይህ አያሳስባቸውም።

ከተገጠመ በኋላ

የትኛውንም ቢመርጡ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያ ቮልት ከልክ ያለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉት፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ለፍሪጅ የሚሸጠው የማዘግያ ሰዓት ያለው ስታብላይዘር ይህን በራሱ ይሠራል፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ 5 ቮልቱን በዲስክ ማገናኛው ላይ፣ በቀዩና በጥቁሩ ሽቦ መካከል እንደገና ይለኩ። ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፉት።